አኃዜ ኵሉ፦ እጁን እዩ

(ደብረ ብርሃን ላይ ለሰንበት ተማሪዎችና ለሥዕል ወዳጆች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

አባቶቼ ይፍቱኝ። እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ በዚህ ሰዓት፣ ምድጃውን ትቶ ሥዕል ሊሰማ የሚወጣ ሰው ካለ ሥዕሉን የምር ይወዳል ማለት ነው። አመሰግናለሁ።

የተሰጠኝ ርእስ «ክርስቶስ በንጉሥነቱ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል» የሚል ነው። ሰፊ ነው፤ ዙፋኑ አለ፣ ዘውዱ አለ፣ ኪሩቤሉ አለ። ሁሉን ልንካ ብል ሌሊቱ አይበቃንም። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ እጅ ብቻ ነው። ለምን እጅን እንደመረጥሁ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መንዝ ውስጥ ወደ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። ስሟን አልጠራም፤ ያጠፉት ሰዎች በክፋት አላጠፉም። ቤተ ክርስቲያኗ ታድሳለች። ቆርቆሮዋ ያንጸባርቃል፣ የጥንቱ የጭቃ ምርጊት ተነሥቶ ግድግዳዋ በሲሚንቶ ተለስኗል። በመቅደሱ ዙሪያ የነበረው ሥዕል ወርዶ በምትኩ ከከተማ የታተመ ሸራ ተለጥፏል። «የዱሮው የት ገባ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ፈገግ ብለው ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰዱኝ። ከተቀደደ ከበሮና ካረጀ ምንጣፍ ሥር፣ እንደ ባዶ ጆንያ ተጣጥፎ የተቀመጠ አቡጀዲ አወጡልኝ።

እንደምታውቁት የኛ አገር የመቅደስ ሥዕል ብዙውን ጊዜ ግድግዳው ላይ በቀጥታ አይሣልም። አቡጀዲ ላይ ይሣልና ጨርቁ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ሲነቀል ደግሞ ከጀርባው የጭቃውን አቧራ ይዞ ይመጣል። ይኸኛውም እንደዚያው ነበር። ስንዘረጋው በታጠፈበት ሁሉ ቀለሙ እየተሰነጠቀ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ረገፈ። ፊት የነበረበትን ቦታ አይጥ በልታዋለች። ከዙፋኑ አንድ እግር፣ ከልብሱ ጥቂት ቀይ ቀርቷል። ደኅና ሆኖ የተረፈው አንድ እጅ ነው።

ያ እጅ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ ዳራቸው በጥቁር መሥመር ተከብቧል፣ በእያንዳንዱ ጥፍር ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ጠብ ብላለች። በመዳፉ ውስጥ ሰማያዊ ክብ ነገር አለ፤ ዓለም ነው። ሠዓሊው ግን ጣቶቹን በዓለሙ ላይ አላጨበጣቸውም። አራቱ ከሥር ተደርድረው ደግፈውታል፣ አውራ ጣቱ ከላይ ነካ ብቻ አድርጎታል። እናቶች ይህን አያያዝ ያውቁታል፤ ከጎጆ ውስጥ እንቁላል ሲያወጡ የሚይዙት እንደዚህ ነው።

«አባ፣ ይኸ ሥላሴ ነው ወይስ መድኃኔ ዓለም?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ እጁ ብቻ ሲቀር በምን ይለያል?» አሉኝና ጨርቁን መልሰው ማጠፍ ጀመሩ። እባክዎ አይታጠፍ ብዬ ለመንሁ። እሱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ስሙ እንግባ። በጸሎተ ሃይማኖት «ነአምን በአሐዱ አምላክ እግዚአብሔር አብ አኃዜ ኵሉ» እንላለን። ከልጅነታችን ጀምሮ ስላልነው ጆሯችን ለምዶት ያልፈዋል። በግሪኩ ቃሉ ፓንቶክራቶር ነው። «ፓንቶ» ሁሉ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ግን ኃይልም፣ ግዛትም፣ መያዝም የሚባሉትን አንድ ላይ ያዝላል። ላቲኖቹ ሲተረጕሙት «ሁሉን ቻይ» ወደሚለው ሄዱ። የኛ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በራእይ «ያለውና የነበረው የሚመጣውም ሁሉንም የሚገዛ ጌታ አምላክ» ይላል፤ ግዛትን መረጠ። የግእዙ ሊቃውንት ግን «አኃዜ» አሉ፤ የያዘ። መቻል በሐሳብ ነው፣ መግዛት በትእዛዝ ነው፣ መያዝ ግን እጅ ይፈልጋል። ስለ ሥዕል ለሚያስብ ሰው ከሦስቱ ትርጕሞች የግእዙ ይበልጥበታል፤ ምን እንደሚሣል ይነግረዋልና።

የአማርኛውንም አልንቅም። «ገዛ» ስንል ነገሠም ማለታችን ነው፣ ዋጋ ከፍሎ ወሰደም ማለታችን ነው። «በዋጋ ተገዝታችኋልና» የሚለውን ስትሰሙ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሰሟችኋል። መድኃኔ ዓለም በሚባል ደብር ገብታችሁ ንጉሡን በመስቀል ላይ ስታዩት የማይደንቃችሁ፣ ቋንቋችን አስቀድሞ ስላስለመዳችሁም ይመስለኛል።

በጸሎቱ ይህ ስም የአብ ሆኖ ሳለ፣ የግሪክ ሠዓሊዎች በክርስቶስ ሥዕል ላይ መጻፋቸው ምነው? የሚል ጠያቂ ይኖራል። መልሱ ዮሐንስ ምዕራፍ 10 ላይ ነው። ጌታ ስለ በጎቹ ሲናገር «ከእጄም ማንም አይነጥቃቸውም» ይላል፤ ቀጥሎ ስለ አባቱ እጅ ያንኑ ይደግመዋል፤ ከዚያ «እኔና አብ አንድ ነን» ይላል። አንድነቱን የነገረን እጅን ጠቅሶ ነው።

ከእነዚህ ሥዕሎች ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ በግብፅ፣ በሲና ተራራ ሥር ባለው በቅድስት ካትሪን ገዳም ይገኛል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተሣለ ነው። ቁመቱ 84 ሳንቲሜትር ያህል ስለሆነ ከሕፃን ቁመት አይበልጥም። ቀለሙ በቀለጠ ሰም ተለውሶ በእንጨት ላይ የተቀባ ነው፣ በራሱ ዙሪያ ያለው ብርሃን ደግሞ ወርቅ ነው። ለቅኔ ተማሪዎች ይህን ሳልናገር ማለፍ አልቻልሁም፤ ሥዕሉ በቁሙ ሰምና ወርቅ ነው።

ፊቱን ልብ ብላችሁ ብታዩት ግማሹ ከግማሹ አይገጥምም። በኛ በግራ በኩል ያለው የፊቱ ወገን ረጋ ያለ ነው፤ ዓይኑ ገር፣ ጉንጩ ብርሃን የመታው። በቀኝ በኩል ያለው ቅንድቡ ተነሥቷል፣ ጉንጩ ጠልሟል፣ የከንፈሩ ጫፍ ወደ ታች ወርዷል። በወረቀት ግማሹን ብትሸፍኑት አንድ ሰው፣ ሌላውን ብትሸፍኑት ሌላ ሰው ታያላችሁ። ብዙ ሰው መሐሪነቱንና ፈራጅነቱን ባንድ ፊት አሳየ ብሎ ይተረጕመዋል፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ግን እባካችሁ ወደ እጆቹም ውረዱ። ከገሩ ፊት ሥር የምትባርከው ቀኝ እጁ አለች። ከጠቆረው ፊት ሥር መጽሐፉን የያዘው ክንዱ አለ፤ በወፍራም ልባድ፣ በመስቀልና በዕንቍ የተሽቆጠቆጠ፣ የተዘጋ መጽሐፍ። አንዱ እጅ ተዘርግቷል፣ ሌላው ይዞ ይጠብቃል።

ይህ ሥዕል መትረፉ ራሱ ታሪክ ነው። በ8ኛውና በ9ኛው ክፍለ ዘመን የቁስጥንጥንያ ነገሥታት ሥዕል ይሰበር፣ ይፋቅ ብለው ያወጁበት ዘመን ነበር። እስከ 843 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ በመካከል ጥቂት ዕረፍት ቢኖረውም፣ እጅግ ብዙ ጠፋ። ሲና ግን በዚያን ጊዜ በእስላም መንግሥት ሥር ስለነበረ የክርስቲያኑ ንጉሥ አዋጅ አልደረሰበትም። ሥዕሉን ከክርስቲያን መዶሻ ያዳነው የእስላም ድንበር ነው። ከኛ ቆላ በኩል ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር የኖርን ሰዎች ይህን ስንሰማ ብዙም ላንገረም እንችላለን።

ነገሥታትን ካነሣን አይቀር፣ ዩስጢንያኖስ ዳግማዊ የሚባል የቁስጥንጥንያ ንጉሥ ነበረ። በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የክርስቶስን ፊት በወርቅ ገንዘብ ላይ ያስቀረጸ የመጀመሪያው ንጉሥ እሱ ነው። በአንድ ገጽ ክርስቶስ፣ «የሚነግሡት ሁሉ ንጉሥ» ከሚል ጽሑፍ ጋር፤ በሌላው ገጽ ንጉሡ ራሱ ቆሞ «የክርስቶስ አገልጋይ» ተብሎ። ትሕትና ይመስላል፤ ትሕትናም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ገንዘብን አስቡት፤ የገበያ ሰው ሁሉ ንጉሡን ሲያገላብጠው ክርስቶስን ያገኛል። በ695 እ.ኤ.አ. ሰዎች ተነሡበት፣ አፍንጫውን ቆርጠው አጋዙት። አሥር ዓመት ቆይቶ ተመልሶ ነገሠ፤ በአዲሱ ገንዘብ ላይ ያስቀረጸው ክርስቶስ ግን ሌላ መልክ ነበረው፤ ፀጉሩ አጭር ጥቅልል፣ ጢሙ ቀጭን። ለምን እንደለወጠው ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። እኔ የማየው ንጉሥ እንደ ልቡ የክርስቶስን መልክ ሊያስለውጥ መቻሉን ነው፤ ያ ደግሞ ያስፈራኛል።

በኛም አገር ቃሉ ሲዋዋስ ኖሯል። «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 5 ስለ ክርስቶስ የተነገረ ነው። ከዚህ ከኛ ቅርብ፣ አንጎለላ ላይ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በማኅተማቸው ያኖሩት ይህንኑ ነው። ንጉሠ ነገሥት የሚለውም በራእይ 19 የክርስቶስ ስም ነው። ሠዓሊዎቻችን ግን ድንበሩን በአንድ ዘዴ ጠብቀውታል፤ ሥዕሉን ያሠራውን ባለ ጠጋ ወይም መኰንን ከሥዕሉ ግርጌ በግንባሩ ደፍተው ያስተኙታል። ሐርና ካባው ሳይቀር ይሣላል፣ ግን ተኝቶ ነው። ቁስጥንጥንያም ሐጊያ ሶፊያ ውስጥ፣ ነገሥታቱ በሚገቡበት በር ላይ፣ በዙፋን በተቀመጠው ክርስቶስ እግር ሥር አንድ ንጉሥ ተደፍቷል። ብዙዎች ሊዮን 6ኛ ነው ይላሉ። ክርስቶስ በያዘው ክፍት መጽሐፍ ላይ «ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ» የሚል አለ። ዘርዐ ያዕቆብ ብርሃን ወረደበት ብሎ በሰየማት ከተማ ተቀምጠን ይህን ማንበብ ደስ ይላል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ግሪኮቹ ፓንቶክራቶርን ከላይ፣ ዶም ከሚባለው ክብ ጣሪያ ሆድ ውስጥ ይሥሉታል። ከአቴና አጠገብ ዳፍኒ በሚባል ገዳም ውስጥ በ1100 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተሠራው ከሁሉ ያስደነግጣል፤ ፊቱ ተቆጥቷል፣ መጽሐፉን የያዙት ጣቶች ተጨማደው ቋጠሮ ሆነዋል። ሰው አንጋጦ ያየዋል፣ እሱም ከላይ ያየዋል። የኛ ክብ ቤተ ክርስቲያን ዶም የለውም። ጉልላቱ ከጣሪያው ውጭ፣ በሰጎን እንቁላል አጊጦ፣ ለወፍና ለደመና ነው። ስለዚህ ንጉሡ ወርዶ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ፣ በሰው ቁመት ልክ ተቀመጠ። በቅድስት የቆመ ምእመን አንገቱን ሳያጎብጥ ዓይን ለዓይን ይተያያል።

ዓይን ካልን፣ የሠዓሊዎቻችንን ሕግ ታውቃላችሁ። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ከሓዲና ሰይጣን በጎን ይዞራሉ፣ አንድ ዓይን ብቻ ይቀርላቸዋል። ይሁዳን ፈልጋችሁ እዩት። ቤቱም የቤተ መንግሥት ሥርዓት አለው። በመቅደሱ በር ግራና ቀኝ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ መዘው ቆመዋል፤ የነጋሪት ዘመን ሰው ያንን ሲያይ የእልፍኝ በረኞችን ማየቱ ነበር።

በሸዋ፣ በተለይ ሥላሴ በሚከበርባት በዚህች ከተማ፣ በዙፋን የምናየው አብዛኛውን ጊዜ ክርስቶስን ለብቻው አይደለም። ሦስቱን አካላት ነው፤ መልካቸው አንድ፣ ፀጉራቸው ነጭ፣ ቀኛቸው የሚባርክ። በማዕዘናቱ አርባዕቱ እንስሳ፣ ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላህም፣ ገጸ ንስር ይሸከሟቸዋል። የአርባዕቱ እንስሳን በዓል ኅዳር 8 እናከብራለን። ይህ አሣሣል ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በአገራችን የጸና ነው። ከዚያ በፊት በብራና ወንጌሎቻችን በእነዚያው እንስሳት መካከል የሚታየው ክርስቶስ ለብቻው ነበረ። በሮም ሳንታ ፑዴንዚያና በተባለች ቤተ ክርስቲያንም ከ1600 ዓመት በፊት እንስሳቱ በሰማይ፣ ክርስቶስ በወርቅ ልብስ ከሥራቸው ተሠርተዋል። የኛዎቹ አንዱን ሦስት ሲያደርጉ ማንነቱን አልቀየሩትም፤ ዳንኤል ያየው በዘመናት የሸመገለውና ዮሐንስ በራእይ ያየው ፀጉሩ እንደ ነጭ የበግ ጠጕር የሆነው ባንድ መልክ ተገናኙ። ያ የመንዙ ቄስ «በምን ይለያል?» ያሉኝ ይህን ነው። እኔ የሥዕል መምህሩ ሲገባኝ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ክርስቶስ ለብቻው ሲነግሥ የማየው በሁለት ሥዕሎች ነው። አንዱ ኵርዓተ ርእሱ ነው። ስሙ ከወንጌሉ ነው፤ ራሱን በመቃ መምታታቸውን ይናገራል። የእሾህ አክሊል የደፋው ይህ ሥዕል ከአውሮፓ የመጣ ቢሆንም፣ የጎንደር ነገሥታት ወደ ዘመቻ ሲሄዱ በፊታቸው የሚያስይዙት እሱን ነበር። በ1744 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን የሱዳን ስናሮች በጦርነት ማረኩት፤ በወርቅ ተዋጅቶ ተመለሰ። በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ሲወድቅ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ወሰደው፤ ለሙዚየሙም አላስረከበው፣ ለራሱ አስቀረው። እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ዕንቍ ዘውድ የደፋ ክርስቶስ ጠፍቶ አይደለም ነገሥታቱ እሾህ የደፋውን የመረጡት። አንድ ሰው በዚህ ላይ ቁጭ ብሎ ቢጽፍ እወድዳለሁ።

ሁለተኛው የትንሣኤው ነው፤ ወደ ሲኦል ወርዶ አዳምንና ሔዋንን ሲያወጣ። ቁስጥንጥንያ በኮራ ቤተ ክርስቲያን፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሣለው የታወቀ ነው። ክርስቶስ በነጭ ልብስ፣ እግሮቹን አንፈራጥጦ፣ አዳምን በአንድ እጁ፣ ሔዋንን በሌላው ከመቃብራቸው እየጎተተ ነው። የት ላይ እንደያዛቸው እዩ። መዳፍ ለመዳፍ አልተጨባበጡም፤ አንጓቸው ላይ ነው የያዛቸው። የአዳም ጣቶች ተንጠልጥለዋል፣ ምንም አልያዙም። በኛም አገር ትንሣኤን ሲሥሉ አዳምን እጁን ይዞ ያወጣዋል፤ ወደ ሰፈራችሁ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ መዳፉን ይሁን አንጓውን እናንተው አረጋግጡ። ወንዝ ያሻገረ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። ሕፃንን ጅረት ስታሻግሩት መዳፉን ከያዛችሁት፣ ሲደነግጥ ሊያመልጣችሁ ይችላል። አንጓውን ከያዛችሁት ግን እሱ ቢለቅም እናንተ አትለቁም። አኃዜ ኵሉ የሚለውን ቃል ከዚህ ሥዕል በተሻለ የተረጐመልኝ የለም።

(ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር። ሁለቱን ጽፌያቸዋለሁ።)

አንዲት የሰንበት ተማሪ በየቤቱ ስለተሰቀለው፣ ፀጉሩ ወርቅማ ስለሆነው የታተመ ሥዕል ጠየቀችኝ። እህቴ፣ እኔን የሚያሳስበኝ የፀጉሩ ቀለም ብዙ አይደለም፤ ግሪኩ ግሪክ አድርጎታል፣ ፈረንጁ ፈረንጅ፣ እኛም የኛን ዓይን ሰጥተነዋል። የሚያሳስበኝ አብዛኞቹ እነዚያ ሥዕሎች ፊቱን ወደ ጎን፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ የሰቀሉ መሆናቸው ነው። እንዲህ ሲሆን እኛ እናየዋለን፣ እሱ አያየንም። በሠዓሊዎቻችን ሕግ ያ ቦታ የማን እንደነበረ አስታውሺ። እዚህ አንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ አውሮፓ ተምረው የመስተዋት ሥዕልን ይዘው ሲመለሱ እንኳ፣ ያን ፊት ለፊት የሚያይ ትልልቅ ዓይን አልጣሉትም።

አንድ አባት ደግሞ ተነሥተው «እኛም ዕቃ ቤት ውስጥ የወረደ ሥዕል አለን፤ ምን እናድርገው?» አሉ። አባ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የመጣሁት። በመጀመሪያ፣ አይታጠፍ። የሚጠቀለል ከሆነ ወፈር ያለ ቱቦ ፈልጉ፣ ቱቦውን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ አልብሱት፣ ከዚያ ሥዕሉን ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ በላላው ጠቅልሉት። ሰው ሁሉ ቀለሙን ለመጠበቅ ብሎ ወደ ውስጥ ያደርገዋል፤ ያኔ ይጨማደድና ይረግፋል። በውኃ፣ በሳሙና፣ በነጭ ጋዝ አይነካ። ከመሬት ከፍ ይበል፣ ከግድግዳ ራቅ ይበል፣ ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ አይሁን። ፕላስቲክ አታልብሱት፣ ያልበዋል። የረገፈ ቀለም ካለ አትጥረጉት፤ በወረቀት ለቅማችሁ ከጨርቁ ጋር አኑሩት። ከመነካቱ በፊት ደግሞ በልጆቻችሁ ስልክ ፎቶ አንሡት፣ ሙሉውንም፣ እጆቹንም ለየብቻ።